ዝባድ ሲቬት ተብሎ ሲመለስ

ማክሰኞ፣ ታኅ. 14፣ ጠዋት
ልጄ ልትዳር ነው! የሞጣ ሽማግሌዎች እሺታችንን ይዘው ሄዱ። ደህና አደርሽ ማስታወሻዬ፣ ሰላምታውን ደስታ አስረሳኝ። ሙሽራው አስቻለው ሞጣ የእንግሊዝኛ መ/ር ነው። የእናቴን ቀንድ ከሣጥን አወጣሁ፤ ዝባድ ያለበትን። በኛ ቤት ሙሽራ በእናቷ እጅ ዝባድ ሳትቀባ ከደጅ አትወጣም። እኔም ተቀብቼ ነው የወጣሁት።

ሐሙስ፣ ታኅ. 16፣ ከሰዓት
አስቻለው መጣ። ሽቶ ይዞልኝ። ካርቶኑ ላይ በእንግሊዝኛ፦ ሲቬት። የኛው ዝባድ እኮ ነው አለ፣ ፊቱ በርቶ። እንግሊዝ ከፈረንሳይ፣ ፈረንሳይ ከጣሊያን፣ ጣሊያን ከዓረብ ነው የወሰደው፤ የዓረቡና የኛው ደግሞ አንድ ቃል ነው። ኮራሁ! ምነው እዚያ ላይ ዝም ባለ። እንግሊዞቹ አውሬውንም ከሱ የሚወጣውንም በአንድ ስም ይጠሩታል አለ። የምን አውሬ? ጥርኝ። ከየቱ በኩል ነው የሚወጣው? ልጄ ትዕግሥት ከስልኳ አነበበችልኝ፤ ከጅራቱ ሥር፣ በማንኪያ እየተፋቀ።
እፍ! ራሴን ባመመኝ ቁጥር ግንባሬን የምቀባው! አንዴማ ለጉንፋን ተብሎ በሻይ ጠጥቼዋለሁ።
ትዕግሥት ቆርጣ ተናገረች፤ ይሄ ነገር እኔን አይነካኝም።

ቅዳሜ፣ ታኅ. 18
ምሳ አልወርድ አለኝ። ግንባሬን ሦስቴ በሳሙና ታጠብኩ። አሁንም ይሸተኛል። ቀንዱን ልጥል ጓሮ ስወጣ ጎረቤቴ እማማ ጥሩዬ በአጥር አዩኝ። ነገርኳቸው። ሳቁብኝ።
«አንቺ ሴት፣ ከጽጌረዳ የሚለቀም መስሎሽ ኖሯል? እናትሽ ታውቅ ነበር። ትንፋሿን ይዛ ነው የቀባችሽ!»
ታውቅ ነበር! እውነትም የሠርጌ ዕለት ፊቷን አጨፍግጋ ነበር። እኔ ልታለቅስ መስሎኝ፣ አብሬ አለቀስኩ።
ውታፉን ነቅዬ አሸተትኩ። ያጥወለውላል። ቆይቶ ግን የእናቴ ጣቶች ሸተቱኝ። መልሼ ወተፍኩት። አልጣልኩትም።

ማክሰኞ፣ ታኅ. 21
ለትዕግሥት የአያቷን ነገር አወራሁላት። ሳቀች። እሺ፣ በአንድ ጣት፣ ከጆሮዬ ኋላ ብቻ አለች። ግን አስቻለውም ይቀባል፤ ጉዱን የቆፈረው እሱ ነው! ደወልንለት። መጀመሪያ ሳል ብቻ። ኋላ እሺ አለ፣ ምን ያድርግ።
እኔው እቀባቸዋለሁ። እያስጠላኝ። እንደ እናቴ ትንፋሼን ይዤ።
ሠርጉ እሑድ፣ ጥር 17፣ ቢቸና፣ እኛ ቤት። ሞጣ ያለ፣ ግንደወይን ያለ፣ ደጀን ያለ ዘመድ ሁሉ ይምጣ። የሚጸየፍም አፍንጫውን ይዞ ይምጣ እንጂ መቅረት የለም፤ ጥር 17!