ዘጠኝ ቁጥርን የመረጥኩበት ምክንያት

ደባርቅ፣ ጥቅምት 14

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት እናቴ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጉልበትዎን ስሜ እንደምን ሰነበቱልኝ እላለሁ። ወገብዎን እንዴት አድርጎዎታል? ሐኪሙ ያዘዘልዎት ቅባት ረዳዎት ወይስ እንደ ልማድዎ ለጎረቤት አካፍለው ጨረሱት? ነጭ ሽንኩርቱስ እንዴት ይዞልዎታል? እኛ ከብርዱ በቀር ምንም የጎደለብን የለም፤ የደባርቅን ብርድ መቼም ያውቁታል። የልጅ ልጅዎ እየሩስ በቁመት በልጣኛለች። ጫማዬንም ሳታስፈቅደኝ ማድረግ ጀምራለች።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው እንደሚሉ አውቃለሁ። እውነቱን ለመናገር ሦስት ጊዜ ደውዬልዎት ነበር። ሦስቱንም ጊዜ ስለ ድንች አውርተን ዘጋሁት። ልነግርዎት የፈለግሁት ነገር አፌ ላይ ይደርስና እርስዎ አልሰማም፣ ጮክ በይ ሲሉኝ ተመልሶ ይገባል፤ ጮክ ተብሎ የሚነገር ነገርም አይደለም። መሠረተ ትምህርት ያስተማረዎትን ሰው ነፍሱን ይማረውና፣ አንባቢ ሳይፈልጉ ራስዎ ስለሚያነቡ በወረቀት ይሻላል አልኩ። እስከ መጨረሻው ሳይደርሱ ግን እንዳይቆጡኝ።

መጀመሪያ ምሥራቹን ልንገርዎት። የማኅበሩ ቤት አልቆ ገባን። ድሮ ገብስ ይዘራበት የነበረው ማሳ ላይ አሥራ አራት ቤት በአንድ ተርታ ቆሟል፤ ሁሉም ባለ አንድ ፎቅ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት፣ እያንዳንዱ ከጎረቤቱ ጋር አንድ ግድግዳ የሚጋራ። ደረጃውን ገና አልለመድኩትም፤ መቀሱን ታች እረሳና ላይ እወጣለሁ፣ ልወስድ ስወርድ ደግሞ ሜትሩን ላይ እረሳለሁ። ሰዉም በሮቹ ተመሳስለውበት እየተሳሳተ ነው። ባለፈው ሳምንት አንድ ጎረቤታችን ቁልፉ አልዞር ብሎት ሲታገል ቆየና በሩን ከውስጥ የከፈትኩለት እኔ ነኝ። ሚስቱ እስካሁን ትስቅበታለች።

ሰፈሩን ቢያዩት አይለዩትም። በለጠች ጠላ ትሸጥበት የነበረው ቤት ዛሬ ፎቶ ኮፒ ቤት ነው፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ደጁ ላይ ተሰልፈው ይውላሉ። ወፍጮ ቤቱ መኪና ማጠቢያ ሆኗል። በቅሎዎች ይታሰሩበት የነበረው ሜዳ ላይ ባጃጆች ተራ ይጠብቃሉ። እኔም ብሆን ለቱሪስት የሱፍ ኮፍያ መሥራቱን ትቼ የተማሪ ዩኒፎርም ሰፊ ሆኛለሁ። ቱሪስት ሊመጣም ሊቀርም ይችላል፤ የተማሪ ሱሪ ግን በየዓመቱ ማጠሩ አይቀርም።

እንግዳው የሚባለውን ኮርቻ ሰፊ ያስታውሱታል? ለእየሩስ አባት ለምስክር በቅሎዎች ኮርቻ ይሠራ የነበረው ነው፤ አንዱ ኮርቻ አሁንም እርስዎ ጓዳ ተሰቅሎ ይገኛል። እሱም የባጃጅ ወንበር ሰፊ ሆኗል። በቅሎ ኮርቻው ካልተመቻት ወዲያው ትራገጥና ይገላግለኛል፣ የባጃጅ ባለቤት ግን ሦስት ቀን ሲያጉረመርም ይከርማል እያለ ያስቀናል። ያስቀኛል ለማለት ነው።

ዕጣው የወጣው ነሐሴ ላይ ነው። ለእኔ አንድ ቁጥር ደረሰኝ። አንድ ቁጥር የማዕዘኑ ቤት ነው፤ ፊቱ ወደ ሽሬ የሚወስደው አስፋልት ላይ ስለሆነ ሱቅ ቢከፍቱበት ገበያው ራሱ ይመጣል። ሴቶቹ እልል አሉልኝ። እኔ ግን በሳምንቱ ረህማ ዘንድ ሄድኩ። ረህማ ጨርቅ የምታቀርብልኝ ነጋዴ ናት፤ እሷ የደረሳት ዘጠኝ ቁጥር ነው፣ መኻል ላይ የተወሸቀው። እንቀያየር አልኳት። እጇን ግንባሬ ላይ አድርጋ ትኩሳት አለሽ እንዴ አለችኝ። የመኪና ጫጫታ አልችልም ብላት፣ ዕድሜሽን ሙሉ ገበያ መኻል ተቀምጠሽ እየሰፋሽ ጫጫታ የጠላሽው ከመቼ ወዲህ ነው ብላ ሳቀችብኝ። ደግ ሰው ናትና ከዚያ በላይ አልጠየቀችኝም፤ አላህ ይጨምርልሽ ብላ ተቀበለችኝ። ለማኅበሩ ሊቀ መንበርም ያንኑ ተናገርኩ፤ ማመልከቻዬ ላይ በድምፅ ምክንያት ተብሎ ተጻፈ።

ለእርስዎ ግን አልዋሽም። አሥር ቁጥር የደረሰው ለእንግዳው ነው።

ክፉ ነገር እንዳይጠረጥሩ እለምንዎታለሁ። ከደጃፌ አልፎ ገብቶ አያውቅም። ሻይ የምንጠጣው ውጭ፣ ሰው ሁሉ እያየን ነው። ግድግዳው ስስ ስለሆነ የስፌት መኪናው ድምፅ እኔ ቤት ይሰማል፣ የእኔም እሱ ቤት። የእኔ ሲቆም የእሱም ይቆማል፤ ከዚያ ሁለታችንም በርጩማችንን ይዘን እንወጣለን። በቃ ይኸው ነው። ሚስቱ ጥላው ከሄደች ስምንት ዓመት ሆኗታል፤ አንድም ቀን ክፉ ሲያወራባት አልሰማሁም። የምስክርን ስም መጥራትም አይፈራም። ሌላው ሰው እኔ ፊት ስሙን ይዘለዋል፤ እሱ ግን ምስክር ይህን ቢያይ እንዲህ ይል ነበር ብሎ ያወራል፣ እየሩስም አባቷን እየጠየቀችው ትሰማለች። ስለ አባቷ የማላውቀውን ሁሉ ከእሱ ነው የሰማችው።

ልጅዎን ከቀበርን ስድስት ዓመት ሆነን። ያን ጊዜ እኔን ብቻዬን ላለመተው ሐዘንዎን ይዘው መጥተው አርባ ቀን አንድ አልጋ ላይ አብረን ተኝተናል። እናቴን ገና በልጅነቴ ስላጣኋት፣ እናት ምን እንደሆነች ያወቅሁት ከእርስዎ ነው። ሐሜት አያስፈራኝም፤ ደባርቅ ሲያማኝ የመጀመሪያው አይደለም። የምፈራው እርስዎን ነው። አንዲት ምራት ሌላ ጎጆ ስትቀልስ በድሮ አማቷ ቤት እንግዳ ሆና ስትቀር አይቻለሁ፤ በዓል ሲመጣ ደጅ ቆማ ግቢ እስክትባል ትጠብቃለች። ለእኔ ከዚህ የከፋ ነገር የለም። ደስታዬ እርስዎን የሚያሳጣኝ ከሆነ ይቅርብኝ ብዬ ብዙ ጊዜ አስቤያለሁ።

ባለፈው እሑድ እንግዳው ሻዩን ሳይጨርስ አስቀምጦ፣ ሽማግሌ የምልከው ወዴት ነው ብሎ ጠየቀኝ። እናት አባቴ የሉም፣ ወንድምም የለኝም። ሰዉ ወገኔ ብሎ የሚያውቀው ቡይት ራስ የሚኖረውን አጎቴን ነው፤ እሱም ወሬው ሳይደርሰው አልቀረም፣ ሽማግሌ ይመጣብኛል ብሎ ሰሞኑን ጺሙን ተላጭቶ ነው የሚውለው። እኔ ግን ዳባት አልኩት። እንግዳውም የምስክር እናት ቤት ነው ወይ አለኝ። እናቴ ቤት ነው አልኩት።

በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሦስት ሽማግሌዎች ወደ እርስዎ ይመጣሉ። መሪያቸው አባ ተክለ ማርያም ናቸው፤ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። እንደ ደንቡ ቆመው ነው የሚናገሩት፤ እርስዎ ተቀመጡ ካላሏቸው አይቀመጡም። ካላስቀመጧቸው እንደቆሙ ይመለሳሉ፤ እኔም ዩኒፎርሜን እየሰፋሁ እኖራለሁ። ቅር አይለኝም ብዬ ግን አልዋሽዎትም። ካስቀመጧቸውም ቶሎ እሺ አይበሏቸው። ዘመድ እስክናማክር ሌላ ቀን ተመለሱ ይበሏቸው፣ ልጄን እንዲህ በቀላሉ አልሰጥም ይበሏቸው፣ የፈለጉትን ያህል ያመላልሷቸው። ያን ጊዜ ለምስክር ሽማግሌ የላኩት እርስዎ ነበሩ፤ በእኔ በኩል ተቀምጣ የምታመላልሳቸው እናት አልነበረችኝም። አሁን አለችኝ።

ዕድሜና ጤናዎን ያብዛልኝ፤ ኪዳነ ምሕረት ከቤትዎ አትለይ። እየሩስ ሁለት ጉንጭዎን ስማለች።

ልጅዎ