አስተናጋጇ ስለ ፋጡማ ጠየቀችኝ

ሚያዝያ 12 ቀን 1977 ዓ.ም.፣ ድሬዳዋ

ዛሬ ብቻዬን ተመለስኩ። ባለቤቴን ፋጡማን ትናንት አዲስ አበባ ቀበርናት።

አውሮፕላኑ ውስጥ፣ ባለፈው ወር ለሕክምና ስንሄድ ያስተናገደችን ልጅ ነበረች። ያን ቀን ፋጡማ በአውሮፕላን ስትሄድ የመጀመሪያዋ ነበር። ፈርታ ስትንቀጠቀጥ ልጅቷ አጠገቧ በርከክ ብላ እጇን ያዘችላት፤ ትራስ አምጥታም ወገቧን ደገፈችላት። ፋጡማ ሆስፒታል ተኝታ እንኳ "ያቺን ልጅ አላህ ያክብራት" ትል ነበር።

ዛሬ ገና ሳልቀመጥ ለየችኝ።

"አባባ፣ እማማስ ተሻላቸው?" አለችኝ ፈገግ ብላ።

ተሳፋሪው ከኋላዬ ቆሞ ይጠብቃል። "አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ናት" አልኳት። ለምን እንደዚያ እንዳልኩ አላውቅም። ደስ ሲላት ሳይ ግን፣ ፋጡማ ቢያንስ እሷ ዘንድ በሕይወት አለች ብዬ ተጽናናሁ።

ስንወርድ በሩ ላይ ቆማ፣ በሶፍት የጠቀለለችውን ከረሜላ እጄ ላይ አስቀመጠች። "ለእማማ ይስጡልኝ፤ ሰላም ይበሉልኝ።"

"እሺ ልጄ" አልኩ።

አሁን ቤቱ ለለቅሶ በመጡ ጎረቤቶች ሞልቷል። የልጅ ልጆቼም አሉ። ከረሜላውን ግን ለማንም መስጠት አልቻልኩም፤ አሁንም ኪሴ ውስጥ ነው።