የእማዬ ዘፈን በአንተ ስም

ለወንድሜ ለካቶንጎ፣ ዊንድሁክ

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? ንዳፔዋስ እንዴት ናት? ታንጌኒን ያ ሳል ለቀቀው ወይስ አሁንም ያስለዋል? ትንሿ ኬዚያስ ትምህርት ቤቱን ለመደችው? የእናንተ አገር ብርድ በዚህ ወር አጥንት ይሰብራል ይላሉ፤ ተሸፋፍናችሁ እንደምታልፉት ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ ከነጉድለታችን አለን። አባዬ ጉልበቱ ቢደክምም ምርኩዙን ይዞ እስከ በር ይወጣል። እጁ መንቀጥቀጡን አልተወም። እኔም ያው ለሥራ ክሊኒክ እገባለሁ፣ እወጣለሁ። በቆሎው ዘንድሮ አላሳፈረንም።

ስልክ ብደውል ስለማታነሳልኝ ነው በወረቀት የመጣሁብህ። ደብዳቤውን የያዘው የቤተክርስቲያናችን ሰው ስለሆነ በእጅህ ይሰጥሃል። እባክህ ሳትጨርሰው አትጠፈው።

ያለፈው ገና ስትመጣ ሻንጣህ ውስጥ ከልብስ ይልቅ ሽቦ ይበዛ ነበር። የአባዬ እጅ ሲዲ መያዝ አቅቶት፣ በከፈተ ቁጥር መሬት እየጣለ ሲያስቧጭራቸው አይተህ አዘንክ። አሮጌ ኮምፒውተርህን መኝታ ቤት አስቀመጥክና የቤቱን ሲዲ ሁሉ ገለበጥክበት። ይዘኸው የመጣኸውን፣ ሬዲዮም ያለውን ሪሲቨር ደግሞ ሳሎን ውስጥ ከአባዬ ትልልቅ ስፒከሮች ጋር አገናኘኸው። ዘፈኑ በዋይፋይ ከመኝታ ቤት ወደ ሳሎን ይመጣ ጀመር። አባዬ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ስልኩን ነካ ማድረግ ብቻ ነበር የሚጠበቅበት።

የእማዬን ሲዲዎች ስትገለብጥ አጠገብህ ነበርኩ። በማዕድን ሠራተኞች ክለብ አባዬ ጊታር እየተጫወተ፣ ጋሽ ሲካዝዌ ከበሮ እየመቱ የዘፈነቻቸው ናቸው፤ የትም ያልታተሙ፣ ከእኛ ቤት በቀር ቅጂ የሌላቸው። ኮምፒውተሩ የማን እንደሆኑ ስላላወቀ በየዘፈኑ ላይ «ዘፋኙ ያልታወቀ» ብሎ ጻፈ። አባዬ መነጽሩን አድርጎ አነበበና፣ «ማን ነው ያልታወቀው? እንዴት አይታወቅም?» አለ። አንተም ስቀህ፣ «ቆይ አባዬ፣ አሁን አሳውቀዋለሁ» አልክና በእያንዳንዱ ላይ ኬዚያ ሙሶንዳ ብለህ ጻፍክ። ከዚያ ወዲህ ዘፈኗ ሲከፈት ስሟ በሪሲቨሩ ትንሽ መስኮት ላይ ያልፋል። አባዬ ዘፈኑን ትቶ ስሙን ለማየት ጎንበስ የሚልበት ቀን ነበር። ስሟን በገዛ ጣትህ የጻፍከው አንተ ነህ ካቶንጎ። አላውቅም ልትል አትችልም።

ሲዲዎቹን ግን ይዘሃቸው ሄድክ። «ጭረታቸውን በማሽን አስጠርጌ እመልሳቸዋለሁ» አልክ። ኮምፒውተሩ ቢበላሽም እዚያው ሆነህ በኢንተርኔት ገብተህ እንደምታስተካክለው ነግረህ አባዬን አጽናናኸው። የሰፈሩ ሰው እንዲህ ያለ ልጅ ይስጠን አለ። እኔም ኮርቼብህ ነበር።

ባለፈው ወር አንድ ቅዳሜ ከሰዓት አባዬና ጋሽ ሲካዝዌ ቁጭ ብለው ሲያዳምጡ መብራት ሄደ። እንደለመድነው ጠበቅን። ሲመለስ ሪሲቨሩ ኮምፒውተሩን ትቶ ሬዲዮ ላይ ተከፈተ፤ ከሬዲዮው የእማዬ ድምፅ መጣ። እኛ የኮምፒውተሩ መስሎን ነበር። የጋሽ ሲካዝዌ ፊት ግን ወዲያው ተኮማተረ። «ይሄ ከበሮ የኔ አይደለም» አሉ። «ቆርቆሮ ላይ በቆሎ የሚያፈሱ ነው የሚመስለው። እኔ በሕይወቴ እንዲህ መትቼ አላውቅም።» አባዬ «ዝም በል እስቲ፣ ሰክረህ የመታኸው ይሆናል» ብሎ ቀለደባቸው።

ዘፈኑ ሲያልቅ አስተዋዋቂው ስምህን ጠራ። አዲሱ ዘፈንህ እንደሆነ፣ ለሚስትህ ለንዳፔዋ እንደደረስከው ተናገረና በስልክ አቀረበህ። ድምፅህን ሲሰማ አባዬ ፈገግ አለ። አሁን ስሟን ይጠራል ብሎ ነው መሰለኝ፣ ዝም እንድንል እጁን አነሳ። ሰውዬው የሴትየዋ ድምፅ የማን እንደሆነ ጠየቀህ። አንተም፣ «አሮጌ ሲዲ ላይ ያገኘሁት ነው፤ ማን እንደሆነች የሚያውቅ የለም» አልክ።

ወንድሜ፣ ያንን ስትናገር አባትህ ስፒከሩ ፊት ተቀምጦ ነበር። እጁ እንደተነሳ ቀረ። ቆይቶ ወደ እኔ ዞረና፣ «ሉኮንዴ፣ ሁለተኛውን አንጓ ሰማሽው?» አለኝ። አልሰማሁትም፤ አልነበረማ። አባዬ የነበረበት ጉድጓድ የተደረመሰ ዕለት እማዬ ማዕድኑ በር ላይ ቆማ የባሏን ስም የምትጠራበት አንጓ ነው። «ስሜን ቆርጦ አወጣው» አለ።

የዚያኑ ዕለት ስንደውልልህ ያልከውን የረሳኸው አይመስለኝም። «አባዬ፣ ገበያው እንዲህ ነው። ስም ከጠራሁ ነገር ይበዛል። ደግሞ እማዬ ሞታለች፤ ዘፈኑ ምን ያደርግላታል?» አልክ። አባዬ ስልኩን ለእኔ ሰጥቶ ፊቱን አዞረ። ከእጄ ነጥቀው የጮኹብህ ጋሽ ሲካዝዌ ናቸው፤ «ስማ አንተ ልጅ፣ የእኔን ከበሮ እሺ ጣልከው፤ እናትህን ግን ካድካት። ሰኞ ሬዲዮ ጣቢያ ሄደን ዋናውን እናሰማቸዋለን» አሉህ።

እሑድ ከቤተክርስቲያን ተመልሰን አባዬ ስልኩን ሲነካ የእማዬ ዘፈኖች አልመጡም። ሌላው ሁሉ አለ፤ መዝሙሩም፣ እኔ በወጣትነቴ የጨፈርኩበትም አለ። የጠፋው የእሷ ብቻ ነው። ኮምፒውተሩን ከፍቼ የተሰረዘ ነገር የሚጠራቀምበትን ሳይቀር አየሁ፤ እሱም ተጠርጓል። ከሩቅ ሆኖ ያንን ኮምፒውተር የሚከፍት ካንተ በቀር ማን አለ? አባዬ ስልኩን ደጋግሞ ሲነካ «ተወው፣ ኔትወርኩ ነው» ብዬ ዋሸሁት። አላመነኝም።

ሰኞ ባዶ እጃችንን ሄድን። አባዬ ምርኩዙን ግድግዳ ላይ አስደግፎ፣ በዚያ በተሰነጠቀ ድምፁ ሁለተኛውን አንጓ ለአስተዋዋቂው ዘፈነለት። ሰውዬው ጨዋ ነው፣ እስከ መጨረሻው አዳመጠው። «ያምራል አባቴ» አለ፤ «ግን እንዲህ ያለውን ማንም ፈጥሮ ሊጨምርበት ይችላል። የተቀዳ ነገር ካላችሁ አምጡልኝ።» ጋሽ ሲካዝዌ ለጠብ ሲጋበዙ አባዬ ክንዳቸውን ይዞ አወጣቸው።

አባዬ ሲረግምህ አልሰማሁም። ቢረግምህ ይቀለኝ ነበር። አሁን ከረፋዱ ጀምሮ ሪሲቨሩን ሬዲዮ ላይ ያስከፍትና ወንበሩን ጠጋ ያደርጋል። ያንተን ዘፈን ነው የሚጠብቀው። ሚስቱን የሚሰማበት ሌላ መንገድ አልተውክለትም። ሲመጣ ያንን ቆርቆሮ ችሎ፣ ስምህንም ሰምቶ፣ ከሥሩ የእሷን ድምፅ ያዳምጣል። ትናንት የንሺማ ገንፎውና አሳው ሲቀዘቅዝ አይቼ ምሳ ብላ ብለው፣ «ቆይ ልጄ፣ አሁን ትመጣለች» አለኝ።

በሬዲዮ ስሟን መጥራት አለመጥራቱን ከኅሊናህ ጋር ተነጋገርበት። ሲዲዎቹን ግን ይህን ደብዳቤ ላመጣልህ ሰው ስጠው። ተጠረጉም አልተጠረጉም፣ ከነጭረታቸው እንፈልጋቸዋለን።

ንዳፔዋን ሳምልኝ፤ ዘፈኑ የማን እንደሆነ መንገር የአንተ ፋንታ ነው። ታንጌኒን ጉንጩን ሳምልኝ። ትንሿን ኬዚያን አቅፈህ ሳምልኝና የማን ስም እንደወጣላት ንገራት። ጋሽ ሲካዝዌ ልጆቹን ሰላም በይልኝ ብለዋል፤ ስለ አንተ ያሉትን አልጽፈውም። አባዬ፣ «እንደምን አለህ በይው፤ ብርዱን ይጠንቀቅ» ብሎሃል። የእኔን ሰላምታ ግን ሲዲዎቹ እስኪመጡ እዚሁ አቆይቼዋለሁ።

እህትህ ሉኮንዴ
ኪትዌ፣ እሑድ ጁላይ 17 ቀን 2016