ውቤ ከሞግዚትነት የተሻረበት ቀን

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ ለፈለቀ፤ አሰብ።

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? የወደቡ ሙቀትስ እንዴት ያደርግሃል? ወገብህንስ ተሻለህ? የእኛን ከጠየቅህ፣ ዝናቡ ገብቷል፣ ሁላችንም በሕይወት አለን። ናፍቆትህ ግን አልቀለለንም።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። አባታችን ባረፈ በወሩ አጎታችን ውቤ፣ ጋሼ ማለቱን ትቻለሁ፣ ሁለት ምስክር ይዞ ፍርድ ቤት ገባ። «ጥሩብርሃን አብዳለች፣ ሰው ትደበድባለች፣ እዚህ ማምጣት አይቻልም» ብሎ አስመስክሮ የእህታችን ሞግዚት ሆነ። አንተ ታውቃታለህ፤ ከዚያ ከልጅነት በሽታዋ ወዲህ ሐሳቧ ዘገየ እንጂ ዝንብ እንኳ እሽ አትልም። ወረቀቱን እንደያዘ ጂንካ ያለውን የአባታችንን ቤት ገባበት፤ እሷን ገዘር ገጠር ወስዶ አንዲት ደሳሳ ጎጆ ውስጥ ጣላት። ሰምቼ ብሄድ እግሯ ከምሰሶው ጋር በጠፍር ታስሮ፣ ቁርጭምጭሚቷ ቆስሎ አገኘኋት። «አስካለ፣ ምን አጠፋሁ?» አለችኝ። ያን ቀን ማልሁ።

ዓመት ሙሉ ከቤቴ ከዲመካ ጂንካ ፍርድ ቤት ተመላለስሁ። መዝገብ ቤት «ያለቀ ጉዳይ ነው» ይሉኛል፤ እኔም ከደጃቸው አልነሣም። በመጨረሻ አዲስ የመጡት ዳኛ መዝገቡን አገላብጠው፣ «ይህችን ሴት ያያት ዳኛ አለ?» ብለው ጠየቁ። ማንም አላያትም። በፖሊስ አስመጧት። ቀስ ብለው «ይህ ሰው ማነው?» ቢሏት፣ «ውቤ ነው፤ ጠፍሩን የሚያጠብቀው እሱ ነው» አለች። ቀሚሷን ሰብስባ እግሯን አሳየቻቸው። ውቤ ላቡን ሲጠርግ ዓይኔን ከፊቱ አልነቀልሁም፤ እንደ ቀዝቃዛ ውሃ ጠጣሁት።

እሱ ተሻረ፣ እኔ ተሾምሁ። በየስድስት ወሩ እሷን ይዤ ዳኛው ፊት እንድቀርብ ታዝዣለሁ፤ በየሳምንቱም ቢሉኝ እቀርባለሁ። ቤቱን የሚለቅበትን ቀን ቅዳሜ ያስደረግሁት እኔ ነኝ። ገበያተኛው ሁሉ እያየው አልጋውን ተሸክሞ ወጣ፤ እኛም ከጥሩብርሃን ጋር ገባንበት። ሽማግሌ ላከብኝ፤ መለስኋቸው። እሱንም ሐሰተኛ ምስክሮቹንም ከስሻለሁ፤ ወህኒ ሳይወርድ እንቅልፍ የለኝም። «የአባታችን ወንድም ነው፣ ተይው» ብለህ እንዳትጽፍልኝ፤ ይህን ብቻ አልሰማህም።

ትናንት ምሳ ሳቀርብ ጥሩብርሃን፣ «ለውቤም አስቀምጪለት፣ ቤት የለውም» አለችኝ። የሱ ድርሻ ነው ብላ የለየችውን አንስቼ ለውሻ ሰጠሁት። አለቀሰች። ወንድሜ፣ ያ ብቻ ይቆጨኛል። ክሱን ግን አልተውም።

ባለቤትህን የሺመቤትን በርቺ በልልኝ፤ ልጅህን ሐናን ጉንጯን ሳምልኝ። ባለቤቴ ተገኝ ሰላም ብሎሃል። ጥሩብርሃንም መቼ እንደምትመጣ ትጠይቃለች።

እህትህ አስካለ
ጂንካ፣ ሚያዝያ 9 ቀን 1978 ዓ.ም.