መቶ አሥራ ሁለት ከመቶ አሥራ ሁለት

ሴፕቴምበር 4፣ ሐሙስ

የወሩ የእሳት አደጋ ልምምድ። ሳይረኑ ልክ በአራት ሰዓት ጮኸ። የካምፑ ሰፈር ሰው ኳስ ሜዳው ላይ ለመድረስ አሥራ ዘጠኝ ደቂቃ ፈጀበት። ባለፈው ወር ሃያ አራት ነበር። መሻሻል አለ።

ወታደሮቹ «ማዳም ደወል» ይሉኛል። የማልሰማ ይመስላቸዋል። ሠላሳ አንድ ዓመት ያስተማረ ሰው ጀርባውን ሰጥቶም ይሰማል... ይበሉኝ። ከጡረታ ጎትተው የካምፑ የአደጋ ጊዜ ኃላፊ ያደረጉኝ ለደወሌ አይደል?

ስም ጥሪ። «ዜሊፓ ዳካ» ስል፣ እንደ ባለፉት ሁለት ልምምዶች፣ ከኋላ ቀጭን፣ የሚንቀጠቀጥ «አቤት!» መጣ። ዜሊፓ አይደለችም። ምራቷ ቲሲዬንጂ ናት። አምስተኛ ክፍል እያለችም ለቀረች ጓደኛዋ «አቤት» ስትል ይዣታለሁ። ያኔ ሰሌዳው ፊት አቁሜያት ነበር። ዛሬ ግን... ፀሐዩ ይጋረፋል፣ የዜሊፓ ጉልበት አብጧል፣ ሴቶቹ አፋቸውን ይዘው ይስቃሉ። ከዜሊፓ ስም ጎን ምልክቱን አደረግሁ። መቶ አሥራ ሁለት ከመቶ አሥራ ሁለት።

ሴፕቴምበር 6፣ ቅዳሜ

እንደ ቅዳሜ ልማዳችን የዜሊፓ በረንዳ ላይ። ስኳር ድንች ጠብሳ ጠበቀችኝ።

«አንቺ ሴትዮ፣ ሐሙስ የት ነበርሽ?»

«ሜዳ ላይ ነዋ! መዝገብሽ አይናገርም?»

«ድምፅሽ እንደ ኮረዳ ሆኗል።»

«እንግዲያው ባል ፈልጊልኛ!» ሳቀች። ፊት ለፊት ሁለት ጥርስ ነው የቀራት። «ተይኝ እህቴ። እሳቱ የምር ሲመጣ እኔም የምር እሮጣለሁ።»

ሳቅሁ። ድንቹን በላሁ።

ሴፕቴምበር 15፣ ሰኞ

ሻለቃ ንኮማ ለደካሞች አንድ መኪና ፈቀደ። ሳይረኑ ሲጮኽ ደጃፋቸው ድረስ ሄዶ ስምንት ሰው ያነሳል። ዝርዝሩን ከልምምዱ መዝገብ ላይ ሠራሁት። የቀረ ወይም የዘገየ ይገባል። በእግሩ በሰዓቱ የደረሰ አይገባም።

ዜሊፓስ? ሦስት ልምምድ፣ ሦስት ምልክት። እሷን ለማስገባት የገዛ መዝገቤን ውሸት ነው ማለት ሊኖርብኝ ነው... ስምንቱም ሞልቷል። በሚቀጥለው ወር አስተካክለዋለሁ።

ሴፕቴምበር 22፣ ሰኞ

ከአጥሩ ማዶ የመንደሩ ሰዎች የሜዳ አይጥ ሊይዙ ሣር ያቃጥላሉ። ከጥይት ግምጃ ቤቱ አራት መቶ እርምጃ። ቆጥሬዋለሁ። በአጥሩ ዙሪያ ያለው ሣር ይታጨድ አልኩት ሻለቃውን።

«ማዳም፣ እርስዎ አይጥ አይበሉም እንዴ?»

«በንሺማ ገንፎ እበላለሁ። በጥይት አልበላም።»

ከት ብሎ ሳቀ። አጨዳውን ለወሩ መጨረሻ ቀጠረው።

ሴፕቴምበር 27፣ ቅዳሜ

ዛሬ አልጽፍም። ነገ።

ሴፕቴምበር 28፣ እሁድ

በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ትናንት ስምንት ሰዓት ላይ ነፋሱ ዞረ። የአይጥ አዳኞቹ እሳት አጥሩን ዘለለ። ሳይረን አስነፋሁ። በአሥራ አራት ደቂቃ ሜዳው ሞላ። መኪናው ስምንቱን አመጣ። ጢሱ ሰውን ከሰው አያስለይም ነበር። ስም ጠራሁ።

«ዜሊፓ ዳካ።»

«አቤት!»

ያው ድምፅ። ቀጭን፣ የሚንቀጠቀጥ። እጄ ምልክቱን አደረገ... ጆሮዬ አውቆታል፣ እጄ አልጠበቀውም።

«መቶ አሥራ ሁለት ከመቶ አሥራ ሁለት!» ብዬ ለሻለቃው ጮኽኩ። ቤት ለቤት ሊያስሱ የተዘጋጁትን ወታደሮች ወደ ኋላ መለሳቸው። ሰው የለማ። ማዳም ደወል ብላለች።

ከዘጠኝ ደቂቃ በኋላ ግምጃ ቤቱ ፈነዳ።

ዜሊፓ ቤቷ ውስጥ አልተገኘችም። ምርኩዟን እንደያዘች፣ ከደጃፏ ሃምሳ እርምጃ ያህል ርቃ መንገዱ ላይ ወድቃ ነበር። የምር እየሮጠች ነበር።

ኦክቶበር 1፣ ረቡዕ

ለቅሶ ቤት። ሴቶቹ ምንጣፉን ይዘውታል። ቲሲዬንጂ ጥግ ላይ ለብቻዋ፣ ከጎኗ የሦስት ሰው ቦታ ባዶ። የዜሊፓ ትልቋ ሴት ልጅ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «እናቴን በአፏ ገደለቻት» ትላለች። ማንም «ተይ» አላላትም።

ስወጣ ቲሲዬንጂ በር ላይ ቀሚሴን ያዘችኝ።

«መኪናው ላይ ያለች መስሎኝ ነው ቲቸር። ለደካሞች መኪና ተፈቀደ ሲባል እሷን አይረሷትም ብዬ... ከመኪናው እስክትወርድ ቀሪ እንዳትባል ብዬ...»

እኔ ነኝ እኮ ዝርዝሩን የሠራሁት። አልነገርኳትም። «አይዞሽ» ብዬ እጇን አላቀቅሁና ወጣሁ። ይሄም ይጻፍ።

ኦክቶበር 9፣ ሐሙስ

ሦስት መርማሪ መኮንኖች መጡ። መዝገቤን ገጽ በገጽ አገላበጡ።

«እንከን የለውም ማዳም። እንዲህ ያለ መዝገብ አይተን አናውቅም። ጥፋቱ በሐሰት የመለሰችው ሴትዮ ነው።»

እንዴት ያለ ቀላል ነገር ነበር። አመስግኖ መውጣት ብቻ...

«ድምፁን አውቀዋለሁ» አልኩ።

«ምን አሉ?»

«የሷ እንዳልሆነ አውቃለሁ። በልምምዱ ሦስት ጊዜ፣ በእሳቱ ቀን አንድ ጊዜ። አራቱንም እያወቅሁ ነው ምልክት ያደረግሁት። የመኪናውን ዝርዝርም የሠራሁት በዚያው ምልክት ነው። ይጻፍ።»

ጸሐፊው ብዕሩን አንጠልጥሎ አለቆቹን አየ።

«ጻፍ» አልኩት፣ ቃለ ጽሕፈት እንደማስጻፍ። ጻፈ።

ከዚያ ለቅሶ ቤት ሄድኩ። ያንኑ ሁሉም ፊት ተናገርኩ። ትልቋ ልጅ ልትመታኝ ተነሳች፤ ያዟት። ቢለቋት ይሻል ነበር። ሄጄ ከቲሲዬንጂ ጎን፣ ባዶው ቦታ ላይ ተቀመጥኩ። ቀና ብላ አላየችኝም።

ኦክቶበር 17፣ ዓርብ

መዝገቡን፣ ፊሽካውንና የሳይረኑን ቁልፍ አስረከብኩ። የካምፑን ቤት እስከ ኖቬምበር መጨረሻ እንድኖርበት ፈቅደውልኛል።

ቅዳሜ ቅዳሜ ወዴት እንደምሄድ አላውቅም።

ኖቬምበር 6፣ ሐሙስ

ልምምድ። አራት ሰዓት ከሰባት ደቂቃ ላይ ጀመሩ። ከሰፈሩ ሰው ጋር ተሰልፌ ቆምኩ። ስም የሚጠራው ወጣት መቶ አለቃ ነው። ቀድሞ የኔን ስም ጠራ። «አቤት» ስል ድምፄ የሰው ድምፅ ሆነብኝ።

ስሞቹን ከድሮው መዝገብ ነው የገለበጠው። አልሰረዛትም።

«ዜሊፓ ዳካ።»

ሜዳው ጸጥ አለ። ቲሲዬንጂ ከፊቴ ነበረች። ትከሻዋ ወደ ላይ ሲነሳ አየሁ፤ አፏን በሁለት እጇ ያዘች።

«ዜሊፓ ዳካ!» ደገመው መቶ አለቃው። ቀና ብሎ አየን። የሚስቅ የለም።

ከጁላይ ልምምድ ጀምሮ መስማት የነበረብኝ ይሄን ዝምታ ነበር።