የእትዬ ዘሐራ ቤት

የምወድህ አባዬ፣

አላህ በጀነት ያኑርህ። ከተለየኸን ወዲህ በረዶው ቀልጦ፣ በዚህ በሰው አገር፣ የፍሪድሊው ቤትህ ግቢ ሣር አብቅሏል። ወንድሜ ጀማል እየመጣ ያጭደዋል፤ እያጉረመረመም ቢሆን።

ደክሞኛል አባዬ። ከሐዘኑ ይልቅ የሐዘኑ ጣጣ ነው ያደከመኝ። ኑዛዜ ጻፍ ባልኩህ ቁጥር «ለሞቴ ቸኮልሽ እንዴ?» እያልክ ታስቀኝ ነበር። ሳቁ ካንተ ጋር ሄደ፣ ጣጣው ለኛ ቀረ።

ጠበቃዋ መጀመሪያ የጠየቀችን ሚስት ነበረችህ ወይ ብላ ነው። እኔና ጀማል በአንድ አፍ አዎ አልን። እናታችን ከሞተች በኋላ ያሳደገችን እትዬ ዘሐራ አይደለችም እንዴ? ጀማል ጫማ ማሰር የተማረው ከእሷ ነው። ጠበቃዋ ግን ጋብቻው በመንግሥት መዝገብ፣ ካውንቲ ተመዝግቦ እንደሆነ ጠየቀች። ኒካሁ ሳሎናችን ውስጥ መታሰሩን፣ ሼኩን፣ ምስክሮቹን፣ የተበላውን ሩዝ ሳይቀር ነገርኳት። አልተመዘገበም። «አላህ ፊት የታሰረ ምን ማኅተም ያሻዋል?» ብለህ ነበር። ያኔ ለኔም ልክ መስሎኝ ነበር።

ኒካሁ ላይ የነበሩት ሽማግሌዎች ሲሰሙ ተቆጡ። ጋሽ ሰዒድማ «ድግሱን በልተናል፤ ኮርት ሄደን እንመሰክራለን!» ብለው ካፖርታቸውን አነሱ። ጠበቃዋ መከራከር ይቻላል፣ ግን ይረዝማል አለች። በወረቀት ወራሾችህ እኔና ጀማል ብቻ ነን። ከኤርፖርት ሥራህ እስክትመለስ እራት ሳትቀምስ ስትጠብቅህ የኖረችው እትዬ ዘሐራ፣ በገዛ ቤቷ ባዳ ሆነች።

የፈራሁት ጀማልን ነበር። «ሕጉ ሕግ ነው ፋጡ፤ ቤቱን ሴል አድርገን ብሩን እንካፈል» ብሎኝ ነበር። አንድ ቀን ቤቱን ሊያይ ሲመጣ እትዬ ዘሐራ ልብሷን ሰብስባ፣ ሻንጣዋን በር ሥር አቁማ አገኛት። «እስከ መቼ እንድቆይ ትፈቅዱልኛላችሁ?» ብላ ጠየቀችው። ሻንጣውን ራሱ አንስቶ መኝታ ቤቷ መለሰው፤ ስለ ሽያጩም ከዚያ ወዲህ ትንፍሽ አላለም።

ቤቱን በስሟ ልናዞርላት ተስማማን። ደስ ይላታል ብለን ስንነግራት ግን ተቆጣች። «እኔ ሚስቱ ነኝ። የሟች ሚስት በልጆች ስጦታ ነው እንዴ የምትኖረው?» አለች። እንደዚያ ስትቆጣ አይቼ አላውቅም። ለምነን፣ ሽማግሌ ልከን በስንት መከራ እሺ አለች። ፈርማ ስንመለስ መኪና ውስጥ ፊቷን ወደ መስኮቱ እንዳዞረች ቤት ደረስን።

አባዬ፣ እወድሃለሁ። ተቀይሜሃለሁም። በየጁምዓው ዱዓ አደርግልሃለሁ፣ ደግነትህን ለልጆቼ አወራላቸዋለሁ፣ ይህንንም ሳልደብቅ እነግራቸዋለሁ። ቤቱን እኛ ሰጠናት። ሚስትነቷን ግን፣ አንድ ከሰዓት እጇን ይዘህ ካውንቲ ብትሄድ ኖሮ፣ ልትሰጣት የምትችለው አንተ ብቻ ነበርክ።

ልጅህ ፋጡማ