ከጣሪያው በታች ሃያ ሰው

ሐሙስ፣ ጃንዋሪ 8

የበረዶ ሆኪ ቡድናችን ልምምድ በጠዋት። የቢሮው ማሞቂያ እንደገና ቆሟል... ካፖርቴን ሳላወልቅ ሠራሁ። ግሌስ ቤይ ውስጥ ከውጭው ይልቅ ውስጡ የሚበርድ ቤት የኛ ቢሮ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ግድግዳው ላይ ሃያ ስም፣ ከእያንዳንዱ ስም ጎን የሳምንት ደመወዝ። ሊጉ ያወጣልን ጣሪያ ለሃያውም በሳምንት አሥራ አምስት ሺህ ዶላር ነው፤ ከዚያ በላይ አንድ ዶላር አይፈቀድም። ጥሩው አጥቂያችን ወደ ትልቁ ሊግ ተጠርቶ ሲሄድ ቦታውን በርካሽ ሰው ሸፍነን ስምንት መቶ ሃምሳ ተርፎናል። ምን ላድርግበት? እስካሁን አላወቅኩም።

ሄክተር ዛሬ ሦስት ምት፣ ያቺን ድንጋይ የመሰለች የጎማ ፓክ፣ በእግሩ መለሰ። በልምምድ ላይ! ወንድሜ ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው፤ ተከላካይ፣ ከሦስቱ የተከላካይ ጥንዶች በመጨረሻው ውስጥ። በሳምንት አምስት መቶ ሃምሳ።

"እግርህን ለጨዋታው ብታስቀምጠው ምናለ?" ብለው፣

"ለመደብደብ አይደል የምትከፍይኝ? ሥራ አታስፈቺኝ" ብሎኝ ሄደ።

እሑድ፣ ጃንዋሪ 11

ምሳ እማ ቤት። ገበታ ላይ ስለ ሆኪ ማውራት ክልክል ነው፣ የእማ ሕግ። ሾርባው ሳያልቅ ራሷ ጣሰችው።

"ትናንት ስንት ለስንት?"

"አንድ ለዜሮ ተሸነፍን፣ እማ።"

"እንግዲያው ግብ የሚያገባ ሰው ግዢያ፣ ሞራግ። ምኑ ይከብዳል?"

ሄክተር ሳቀ። "በኔ ደመወዝ አንድ ጣቱን ትገዛለች።"

"ያንተም ደመወዝ ተብሎ..." አለችውና ትልቁን ሥጋ እሱ ሳህን ላይ አደረገችው። እኔ ድንች ደረሰኝ።

ረቡዕ፣ ጃንዋሪ 14

አሠልጣኛችን ባዚል ቢሮ ገባ፣ አልተቀመጠም። ባዚል ቆሞ ካወራ ነገር አለ።

"ሉሲየን ቴሪዮ ከስዊዘርላንድ ተመልሷል።"

"እሺ?"

"ሚስቱ የሼቲካምፕ ልጅ ናት። ልትወልድ ነው። እናቷ አጠገብ መሆን ትፈልጋለች። ከሼቲካምፕ እዚህ በመኪና ምን ያህል ነው?"

ገባኝ። እንዲህ ያለ ግብ አግቢ ካልጠፋ አገር ወደኛ የሚመጣው ሚስቱ ስታረግዝ ብቻ ነው። ስንት ይፈልጋል? አንድ ሺህ አራት መቶ። ያለን ስምንት መቶ ሃምሳ። ቀሪው አምስት መቶ ሃምሳ...

ወረቀት ላይ ጻፍኩት። ግድግዳውን አየሁ። በዚያ ደመወዝ ሁለት ሰው አለ፤ ሁለቱም ተከላካዮች፣ ሁለቱም አንድ ጥንድ። ሄክተርና ዱጋልድ።

"የትኛውን ትላለህ?"

"ሥራ አስኪያጇ አንቺ ነሽ" አለና ኮፍያውን አስተካክሎ ወጣ። ፈሪ።

ሐሙስ፣ ጃንዋሪ 15

ዱጋልድ ሃያ ሦስት ዓመቱ ነው። ገና ይሻሻላል። ሄክተር ከእንግዲህ አይሻሻልም። ይህ ምክንያት ነው... ማንም ቢጠይቀኝ አፌን ሞልቼ የምናገረው ምክንያት።

ግን ዛሬ፣ ማን ይበልጣል? ዛሬ ሄክተር ይበልጣል። በጣም።

ዳቦ ቤት ወረፋ ላይ ወይዘሮ ራንኪን "ወንድምሽ እንኳ ለሥራው አያስብም፣ አለቃው እህቱ ናት" አለችኝ። ቀልዷን ነው። እኔም ሳቅኩላት። ከዚያ ዳቦውን ረስቼ ወጣሁ።

ሄክተርን ባሰናብት ሰው "ሞራግ አታዳላም" ይላል። ይህን ደግሞ ለምን አሰብኩት?

ዓርብ፣ ጃንዋሪ 16

ነገርኩት። መኪናዬ ውስጥ፣ ከአዳራሹ ጓሮ። ሞተሩን አላጠፋሁም፣ እንዲሞቀው። ንግግሬን አዘጋጅቼ ነበር፤ ግማሹ ላይ ጠፋኝ።

የመስታወቱን ጉም በእጅጌው ጠረገ። ከዚያ፣

"አሁን እያወራሽኝ ያለሽው እህቴ ነሽ ወይስ ሥራ አስኪያጇ?"

"ሥራ አስኪያጇ።"

"እሺ። እህቴን ስታገኚያት ንገሪልኝ፣ ሥራ ፈትቻለሁ በይልኝ።"

ወረደ። በሩን እንኳ ጓ አላደረገውም፣ ቀስ አድርጎ ዘጋው። ጓ ቢያደርገው ይሻለኝ ነበር።

ቅዳሜ፣ ጃንዋሪ 17

እማ ስልክ አታነሳም።

ማክሰኞ፣ ጃንዋሪ 20

ኮርነር ብሩኮች ወሰዱት። የኒውፋውንድላንዶቹ! በዓመት ስምንት ጊዜ የምንገጥማቸው፣ ባሕሩን ተሻግረው መጥተው አዳራሻችን ውስጥ እንደ ቤታቸው የሚጮኹት። ስድስት መቶ ይከፍሉታል። በእኔ ሂሳብ እርጅና ዋጋ ይቀንሳል፣ በነሱ ሂሳብ ሃምሳ ዶላር ይጨምራል ማለት ነው።

በጠዋቱ መርከብ ተሻገረ። ወደቡ ድረስ የሸኘችው እማ ናት። አልተጠራሁም። ዳቦና የተጠበሰ ዓሣ ጠቅልላ እንደሰጠችው የሰማሁት ከባዚል ነው። ባዚል ከማን እንደሰማ እግዜር ይወቅ። ግሌስ ቤይ እንዲህ ነው።

ቅዳሜ፣ ጃንዋሪ 24

ሉሲየን። በመጀመሪያ ጨዋታው ሦስት ግብ! ሦስተኛው ሲገባ፣ አንድ ሰው ሦስት ሲያገባ እንደ ሆኪ ልማድ፣ ከየወንበሩ ኮፍያ ይዘንብ ጀመር። ልጆቹ ከበረዶው ላይ ለቅመው ሲጨርሱ ሁለት ቅርጫት ሞላ።

ልጠላው ተዘጋጅቼ ነበር። ግን ደግ ሰው ነው። ከጨዋታው በኋላ ቢሮዬ ድረስ መጥቶ ኮፍያውን አወለቀ፤ "ስለቀጠሩኝ አመሰግናለሁ፣ እመቤቴ። ሚስቴም ሰላም ብላዎታለች።" የሚስቱ እናት የጋገረችውን የፖም ኬክ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦ ወጣ።

ብቻዬን ግማሹን በላሁት። ልክ ነበርኩ ማለት ነው... አይደል?

እሑድ፣ ፌብሩዋሪ 15

እማ ታርቃኛለች ልበል? ለምሳ ጠራችኝ። ገበታው ላይ ሦስት ሳህን። ሦስተኛው ባዶ። አላነሳችውም።

"ትናንት አምስት ምት በገላው መለሰ" አለች።

"ማን?"

"አታውቂውም። ድሮ እዚህ ይጫወት ነበር።"

እኛ ደግሞ ትናንት አራት አግብተን ስድስት ገባብን። ይህን አልነገርኳትም። ታውቃለች።

እሑድ፣ ማርች 1

ሁለት ተከላካዮች በአንድ ሳምንት ተጎዱ። አንዱ ትከሻ፣ አንዱ ጉልበት። ልምድ ያለው ሰው ለማምጣት ብዬ ብር ፈለግኩ... ጣሪያው ጋ ደርሰናል፣ ሳንቲም የለም። ያገኘነው በሳምንቱ መጨረሻ የሚጫወት የእሳት አደጋ ሠራተኛ ነው። ልቡ ሙሉ ነው። ወደ ኋላ መንሸራተት ግን አይችልም። ተከላካይ ወደ ኋላ ካልተንሸራተተ ምን ሊሠራ ነው?

ዱጋልድ አሁን በሁለት ሰው ቦታ ይጫወታል። ፓኳ እግሩ ሥር ስትመጣ ፊቱ ይገረጣል። ጥፋቱ የሱ አይደለም። ሲሳሳት "ግራህን እየው" የሚለው ሰው ከጎኑ የለም። ያ ሰው ሥራው ያ እንደነበር ደመወዝ ሰንጠረዡ ላይ የትም አልተጻፈም።

ሐሙስ፣ ማርች 12

ሉሲየን አምስት ጨዋታ ሳያገባ ቀረ። ጠራሁት። "ደክሞህ ነው? ልጅ መውለዱ ነው?" (ሴት ልጅ ወልደዋል፣ ደህና ናቸው።)

ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ "እመቤቴ፣ ባይከፋዎት... ፓኳን ከኋላ አውጥቶ የሚሰጠኝ የለም። እኔ የማገባው ስትደርሰኝ ነው። አትደርሰኝም።"

"ማን ያውጣልህ?"

"ስሙን አላውቀውም። እኔ ስመጣ የሄደው ሰውዬ። እነ ባዚል ስለሱ ሲያወሩ እሰማለሁ።"

ወንድሜ መሆኑን አያውቅም! ሃያ ሰው ባለበት ክፍል ማንም አልነገረውም። እኔም አልነገርኩትም።

ሐሙስ፣ ኤፕሪል 9

ወደ ጥሎ ማለፉ ለጥቂት ገባን። ከሰባት ጨዋታ አራት ያሸነፈ ያልፋል። የደረሰን ማነው? ኮርነር ብሩክ። ባዚል ሰንጠረዡን ሲያይ ሳቁ አመለጠው። ዓይኔን ሲያይ ዋጠው።

ዓርብ፣ ኤፕሪል 24

ሦስት ለሦስት ሆነን ዛሬ ሰባተኛው። እዚሁ፣ አዳራሻችን። አራት ሺህ ሰው፣ መቆሚያ የለም።

እማ መጣች። የት ብትቀመጥ ጥሩ ነው? በመርከብ ከመጡት አሥራ አራት የኒውፋውንድላንድ ሰዎች መሀል! አንዱ ሰውዬ ብርድ ልብስ አካፍሏታል። በዕረፍት ሰዓት ሄጄ፣

"እማ፣ ሰው ምን ይላል?"

"ሰው የልጇ እናት ናት ይላል። ዞር በይ፣ ከለልሽኝ።"

ሦስት ለሁለት እየመሩን አንድ ደቂቃ ቀረ። ፓኳ ለሉሲየን ደረሰችው፣ ዘንድሮ እንዲህ ተመቻችታ ደርሳው አታውቅም። በሩ ክፍት፣ በረኛቸው ወድቋል። መታት። ድምፁን ሰማሁ... የመረቡን አይደለም። ሄክተር በደረቱ ተንሸራቶ መጥቶ በቀኝ እግሩ መለሳት። ለመነሳት ሞከረ፣ አልቻለም፤ በጉልበቱ እየዳኸ ፓኳን በዱላው ገፍቶ አወጣት። ሰዓቱ አለቀ።

አራት ሺህ ሰው ጸጥ አለ። አሥራ አምስት ሰው ጮኸ። አሥራ አምስተኛዋን አውቃታለሁ።

እኔስ? ተሸንፌ ተቀምጬ ምን እንደተሰማኝ እዚህ እንኳ መጻፍ ያሳፍረኛል። ኮራሁ።

እሑድ፣ ኤፕሪል 26

ቁርጭምጭሚቱ ተሰብሯል። ቡድኑ ወደ ሁለተኛው ዙር ያለ እሱ ሄደ፤ እሱ እማ ሶፋ ላይ እግሩን በጄሶ ሰቅሎ ተኝቷል። በሩ ላይ ብዙ ቆሜ ገባሁ።

"ያማል?"

"ያንቺ ሰውዬ ይመታል። ብራችሁን በከንቱ አልወሰደም።"

እማ ሻይ ልታፈላ ሄደች። ሆን ብላ ነው፣ የሻይ ማንቆርቆሪያው ሙሉ ነበር። ያኔ ጠየቅኩት። ከጃንዋሪ ጀምሮ አፌ ውስጥ ያለውን።

"ሄክተር... ያሰናበትኩህ ወንድሜ ስለሆንክ ነው?"

"ወንድምሽ ባልሆን ማንን ታሰናብቺ ነበር?"

"ዱጋልድን።"

"እንግዲያው ምን ትጠይቂኛለሽ?"

ይቅርታ አልኩት። "እሺ" አለ። እሺ ብቻ። ሰው እንዳያማኝ ብዬ ቡድኔን ጎዳሁ፣ ወንድሜንም። እማ ሻዩን ይዛ ስትመጣ ሁለታችንም ቴሌቪዥኑን እናይ ነበር። አልተከፈተም ነበር።

ለሚቀጥለው ዓመት ተመለስ አልኩት፣ በሰባት መቶ። ኮርነር ብሩኮች የሁለት ዓመት ውል ሰጥተውታል፣ በሰባት መቶ ሃምሳ። ፈርሟል።

ሐሙስ፣ ጁላይ 9

ሉሲየን አንድ ሺህ ስምንት መቶ ጠየቀ። ይገባዋል። ማንም ግብ አግቢ ይህን ያህል ይጠይቃል። እኔ አንድ ሺህ ሁለት መቶ አልኩት፤ ሌላውን ለተከላካዮቹ እፈልገዋለሁ። ረጅም ጊዜ ተነጋገርን፣ ሳንቀያየም። ጀርመን ይሄዳል። ልጅቷን ይዟት መጥቶ ነበር፣ ቢሮዬ ውስጥ እንቅልፍ ወሰዳት። ሲወጣ፣

"እሱ ሰውዬ ወንድምዎ መሆኑን ጨዋታው ካለቀ በኋላ ነው የነገሩኝ። እግሩን ስለመታሁት ይቅርታ ይበሉልኝ።"

ለሄክተር በጽሑፍ ላክሁለት። መልስ፦ "እሺ።" በጋውን ሁሉ የደረሰኝ እሺ ነው። ለልደቱ እሺ። እግርህ እንዴት ነው፣ እሺ።

ባዚል ግድግዳው ፊት ቆሞ አጉረመረመ። ከታች የተጻፉት የሰባት ሰዎች ደመወዝ ጨምሯል። የዱጋልድም።

"ማነው ታዲያ የሚያገባልን?"

"ሁሉም ትንሽ ትንሽ።"

"እሱ መልስ አይደለም።"

"አውቃለሁ። ተቀመጥና አብረን እንፈልግ።" ተቀመጠ።

ሐሙስ፣ ኦገስት 20

ዝርዝሩ ላይ አንድ ቦታ ቀርቷል፣ ከዱጋልድ ጎን። ጠዋት ስልክ ጮኸ። ሄክተር! እማ አንድ ነገር ሆነች ብዬ ደነገጥኩ።

"አንድ ሰው አለ" አለ፣ ሰላም እንኳ ሳይል። "ቻርሎትታውን። ሠላሳ አንድ ዓመቱ። ስሙን ሰምተሽ አታውቂም።"

"ግብ ያገባል?"

"አምና አንድ።"

"ምን ይሠራል ታዲያ?"

"ያወራል። ከጎኑ ላለው ሰው። ስድሳ ደቂቃ ሙሉ ያወራል፣ ያሰለቻል። ለዱጋልድሽ የሚያስፈልገው እሱ ነው። ሰባት መቶ።"

"ሰባት መቶ? አንድ ግብ ላገባ ሰው? አምስት መቶ ሃምሳ።"

"ሥራ አስኪያጅ ነኝ ትያለሽ፣ ገበያ አታውቂም። ስድስት መቶ ሰማንያ።"

ከዚያ ወዲያ ምን ያላልነው አለ? የሰውዬውን ጉልበት፣ የባዚልን ኮፍያ፣ እማ ለሁለተኛው ዙር የገዛችውን የኮርነር ብሩክ ሹራብ። ሁለት ጊዜ ስልኩን ልዘጋብህ ነው አልኩት፣ ሦስት ጊዜ ዝጊው አለኝ። ሳቀም። በመጨረሻ ስድስት መቶ ሃምሳ ላይ ተስማማን።

ሰዓቱን አየሁ፤ አርባ ደቂቃ፣ አንድም እሺ ሳይኖርበት።

ሰውዬው በስድስት መቶም ይመጣ ነበር መሰለኝ። ሄክተርም ይህን ያውቃል። ስሙን ግድግዳው ላይ ጻፍኩት።